ለአራት ጥናት የለፉት ወይዘሮ ጥላነሽ ይመር

በኤደን፣ ዳር ሰዓድ ሰፈር ጎረቤታቸው የሆኑት ወይዘሮ ፋጡሜ ከቀብር መልስ ጀምሮ ለገባ ለወጣው ሁሉ «ጥላዬን የበላት ጥናት ነው፤ በጠርሙስ ስትቀዳው የኖረችው መርዝ ነው» እያሉ ነው። ዛሬም ከዱዓው በኋላ መድገማቸው አይቀርም። ቤተሰቡ ይህን ወሬ ማረጋገጥም ማስተባበልም አልቻለም፤ የሚችለው የሚያውቀውን በየተራው መናገር ነው።

ወይዘሮ ጥላነሽ ከአባታቸው ከሼህ ይመር አሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘምዘም ሰዒድ በ1971 ዓ.ም. በወሎ፣ ሐርቡ አቅራቢያ ተወለዱ። ቁርኣን ቀርተዋል፤ አስኳላም እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘልቀው፣ አባታቸው ሲያርፉ አቋረጡ። በ1991 ዓ.ም. በኦቦክ ወደብ በኩል ባሕሩን ተሻግረው ኤደን ከተማ ገቡ። ጀልባው መንገዱን ሁሉ ስላስመለሳቸው ሁለተኛ ባሕር ላለማየት ምለው ነበር። መሐላው የቆየው እስከ መጀመሪያው ዓርብ ነው።

ተዋሂ በሚባለው የኤደን ባሕር ዳር ሰፈር በፊዚክስ መምህሩ በዶክተር ሙንተሰር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠሩ። ማዳም የምትለቃቸው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ስለነበር ያችን ሰዓት ከድሮው የጀልባ መውረጃ ጎን ባለች ድንጋይ ላይ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ያሳልፉ ነበር። የወደብ ሠራተኛውን አቶ ቡርሃንን ያወቁት እዚያው ነው። በ1996 ዓ.ም. ኒካህ አሰሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ልጃቸውን ፋጢን ወለዱ።

በ2002 ዓ.ም. ዶክተሩ እርሳቸው በሚያስተምሩበት የምርምር ማዕከል በጽዳት አስቀጠሯቸው። ባሕር ዳሩን ከተመራማሪዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ወይዘሮ ጥላነሽ ነበሩና መጥረጊያው ብዙም ሳይቆይ በጠርሙስ ተተካ። ለፊዚክሱ ጥናት የውሃውን ከፍታና አካሄድ ለኩ። ለሥነ ልቦናው ባሕር ዳር የሚቀመጡ ስደተኞችን እየለመኑ አመጡ። ከውጭ አገር መጥታ ስለ ዕረፍት ጊዜ የምታጠና ሴት እርሳቸው ያገናኟትን ስልሳ የቤት ሠራተኞች ጠይቃ የዕረፍት ጊዜ እንደሌላቸው ስትጽፍ «ይህን ለማወቅ ነው ቪዛ ያስመታችው?» አሉ። በመጨረሻም ለመርዝ ጥናቱ ከአሥራ ሁለት ቦታ ውሃና ጭቃ ቀዱ።

ግራ መጋባቱ የጀመረው ውጤቶቹ ሲወጡ ነው። ሥነ ልቦናው በሳምንት አንድ ሰዓት ባሕር ዳር የተቀመጠ ሰው ጭንቀቱ ይቀልለታል አለ። የመርዙ ጥናት ደግሞ በአንድ የጀልባ ቀለም መፋቂያ ግቢ ሥር ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ተገኘ አለ። ፊዚክሱ የዚያ ዳር ውሃ በሁለት ቀን ተዋሂ እንደሚደርስ ለክቶ ነበር። እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ የተማረችው የእህታቸው ልጅ ናፊሳ በ2015 ዓ.ም. የመርዙንና የፊዚክሱን ማጠቃለያ በስልኳ አንብባ ሁለቱን ገጠመችና አክስቷ የሚቀመጡባት ድንጋይ ተመርዛለች ብላ ፈረደች።

ወይዘሮ ጥላነሽ «ልጄ፣ አንዱ ተቀመጪ ይለኛል፣ አንዱ ተነሺ ይለኛል፤ ለሁለቱም የለፋሁት እኔ። የቱን ልስማ?» ብለው ጠየቁ። ናፊሳ «መርዝ የሚለውን ነዋ፣ አክስቴ። ጭንቀት አይገድልም» አለች። በቤቱ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ይግባኝ የሚባልበት አልነበረም። አቶ ቡርሃን «ዶክተሩን ለምን አትጠይቂም?» ቢሉም ባለቤታቸው እምቢ አሉ። በአሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ሥራ የተማሩት ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት አቧራው እንደሚጠረግ እንጂ ምን እንደሚል እንደማይጠየቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ባሕር ዳር አልሄዱም። ዓርብ ከሰዓት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ላሕጅ ከተማ የሚያልፈውን መኪና ያዩ ነበር። ሲደክማቸው ወይዘሮ ፋጡሜ መርዙን፣ ናፊሳ የደም ማነስን፣ ፋጢ ሙቀቱን አመካኙ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ፤ ከምን እንደመጣ ግን እርሱም አላወቀም። ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ፤ በዕለቱም ተቀበሩ።

ባለቤታቸውን አቶ ቡርሃንን፣ ልጃቸውን ፋጢን፣ ሐርቡ ያሉ ሁለት እህቶቻቸውንና በእጃቸው ያደገችውን ናፊሳን ትተው አልፈዋል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ በዚህ ዓለም በሳምንት አንድ ሰዓት የነበረችውን ዕረፍት በጀነት ወሰን የሌላት ያድርግላቸው። አሚን።

ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ሊሄድ ሲል ዶክተር ሙንተሰር ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ሙሉውን የመርዝ ጥናት ከነካርታው ሰጥተው አስረድተውናል። ሊዱ ከግቢው ሥር ጭቃ ውስጥ ይቀራል እንጂ ከውሃው ጋር አይጓዝም። ሌሎቹ ቦታዎች የሚነጻጸሩበት፣ ከአሥራ ሁለቱ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ቦታ ተዋሂ ውስጥ ከድሮው የጀልባ መውረጃ ጎን፣ የወይዘሮ ጥላነሽ ድንጋይ ያለችበት ነው።