የሼባው ጉዳይ ለእማማ ችሎት

ለውድ አያቴ ለእማማ፤
ወራቤ

እማማዬ፣ ከሰላምታዬ በፊት ተውበቴ ይቅደም። እኔ የልጅሽ የሽኩር ልጅ ሱሀይላ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አምናለሁ፦ ለኢድ የላክሽልኝን አረንጓዴ ሻሽ በስልክ «አድርጌዋለሁ፣ ያየኝ ሁሉ ማሻአላህ አለኝ» ያልኩሽ ውሸት ነው። አንድም ቀን አላደረግኩትም። የሚያደርገው ሌላ ነው። ሰውም አይደለም። ዝርዝሩን ወደ ታች ታገኚዋለሽ። አላህ መሐሪ ነው፤ እኔ የምፈራው አንቺን ነው።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንዴት ከረምሽ እማማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ አሁን ተራው የቀኙ ነው የግራው? ላሚቱ ወለደች? ዝናቡ እንሰቱን አልጎዳውም? አጥር የሚገፋው ጎረቤትሽ አሁንም ይገፋል ወይስ ልብ ገዛ? እኛ አልሐምዱሊላህ ከብርዱ በቀር ደህና ነን። የጆሃንስበርግ ብርድ በዚህ ወር አጥንት ድረስ ይገባል። ልጅሽ ሽኩር ከሱቁ ካመጣው ብርድ ልብስ አንዱን ከነመለያ ወረቀቱ ተከናንቦ ነው ቁርስ የሚበላው። ከሩቅ ሲያዩት ለሽያጭ የቀረበ ነው የሚመስለው።

ሰሚያ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ይህን ለእማማ የምታነቢላት አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። በግራ ጆሮዋ በኩል ተቀመጪ፣ ድምፅሽንም ከፍ አድርጊ። አባቴን ያማሁበት ቦታ ስትደርሺ እንዳትዘይው። እሱን እንዲያውም ቀስ ብለሽ አንብቢ።

በወረቀት የምጽፈው ስልኬ ስለተወረሰ ነው። ስልኬ የተወረሰው በእንሽላሊት ምክንያት ነው። የእንሽላሊቱ ዕጣ ደግሞ ያለው ባንቺ እጅ ነው፤ «ይኑር» ካልሽ ከእኔ ጋር ይኖራል፣ «ይውጣ» ካልሽ እንስሳት መሸጫ ሱቅ ገብቶ ለማላውቀው ሰው ይሰጣል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

እንሽላሊት ስልሽ አጥርሽ ላይ ፀሐይ የምትሞቀውን ቀጭኗን አታስቢ። የእኔው ወፈር ያለ፣ ጎንና ጎኑ እሾህ እሾህ የሚል፣ ከአገጩ ሥር ሲናደድ የሚነፋው ፂም ያለው ነው። ዘሩ ከአውስትራሊያ በረሃ ነው አሉ። ገና የአምስት ወር ልጅ ነው፣ ከነጅራቱ አንድ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። ግን ድንጋዩ ላይ ተጋድሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሚያየው ነገር ሁሉ ቅር እንደተሰኘ ስለሚውል ስሙን ሼባው አልኩት። የእኛን ሽማግሌዎች ለመንካት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመንካት ነው። ወንድ ይሁን ሴት ገና አልታወቀም፤ «እሱ» የምለው በፂሙ ነው።

የሰጠችኝ ታንዲ ናት። ታንዲ በትምህርት ቤት ያለችኝ ጓደኛ ነበረች፤ ሌላም የለኝ። ቤተሰቧ ወደ ደርባን ሲዛወር ሼባውን ከነመስታወት ቤቱ፣ ከነመብራቶቹና ከነፈቃድ ወረቀቱ አስረክባኝ ሄደች። ለእናቴ ነገርኳት። «ሃይቦ!» አለች፤ የአገሬው ደንበኞቿ ሲደነግጡ የሚሉትን ለምዳ አሁን እሷም ለሁሉ ነገር ሃይቦ ናት። ከዚያ ጎመን ሲበላ አየችው። እማማ፣ ጥሬውን ጎመን ቀጭን አድርጌ ከትፌ ሳቀርብለት ሳህኑ ውስጥ በአራት እግሩ ገብቶ ነው የሚበላው። እኛ «ዛሬም ጎመን?» የምንላት ሴት እንዲህ ያለ አክባሪ አግኝታ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎመኑን የምትከትፍለት እናቴ ናት፣ ለባሏ ግን ትንፍሽ አላለችም።

አያያዙን ልንገርሽ፣ ቀልድ እንዳይመስልሽ። የመስታወቱ ቤት አንዱ ወገን ሙቅ፣ አንዱ ወገን ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት፤ ሲበርደው ወደዚህ፣ ሲሞቀው ወደዚያ ይላል። ሁለት መብራት አለው፤ አንዱ ያሞቀዋል፣ ሌላው እንደ ፀሐይ ሆኖ አጥንቱን ያጠነክርለታል። ልጅ ስለሆነ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ፌንጣ ይበላል፤ ፌንጣው ላይ፣ ሥጋ ላይ ሚጥሚጣ እንደሚነሰነስ፣ የካልሲየም ዱቄት እነሰንስበታለሁ። በሁለቱ ዓይኖቹ መሐል ካለው ስፋት የሚበልጥ ፌንጣ አይሰጠውም፣ ያንቀዋል። እሱን ነክቼ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ምንም አልነካም። ለማጫወት ሳወጣው ደግሞ እንዳይበርደው የምጠቀልልበት፣ እንግዲህ ገብቶሻል፣ አረንጓዴ ነው።

ጥፋቴ የፌንጣዎቹን ሣጥን ከፍቼ መርሳቴ ነው። ስምንቱ አምልጠው ከፍሪጁ ጀርባ ገቡና መዝፈን ጀመሩ። ልጅሽ ሦስት ቀን ሙሉ «ይሄ ፍሪጅ ታሟል» እያለ ከረመ። እናቴ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «እርጅና ነው።» በመጨረሻ ጋሽ ሽጉጤን ጠራቸው። ጋሽ ሽጉጤ ጀርሚስተን ከአባቴ ሱቅ አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ድሮ አንድ ሬዲዮ ስለጠገኑ እስከ ዛሬ መሐንዲስ ናቸው። ጆሯቸውን ፍሪጁ ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ሞተሩ ነው፤ እያለቀሰ ነው» አሉ። ፍሪጁ ሲሳብ ሞተሩ ዘሎ ጉልበታቸው ላይ ዐረፈ። እማማ፣ እኚያ ደረጃ ሲወጡ የሚደገፉ ሰው ወንበር ላይ ሲወጡ ማንም አልደገፋቸውም።

አባቴ ከፌንጣው ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ወደ እኔ ክፍል መጣና ሼባውን አየው። ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? አልጮኸም፣ አልሸሸም። በእጁ አፉን ግጥም አደረገ። ሰሚያ፣ እዚህ ላይ እማማን አየት አድርጊያት። «እንሽላሊት ጥርስህን ከቆጠረች ይረግፋል» ብላ ያሳደገችው እሷ ናት። የአርባ ስድስት ዓመት ሰው፣ የጅምላ ነጋዴ፣ በሦስት ቋንቋ የሚከራከር፣ ካንቺ የወረሰው ይህን ፍርሃት ነው እማማዬ።

ስልኬ የተወረሰው ያን ቀን ነው። እሑድ ደግሞ ሽማግሌ ተሰየመ። አባቴ፣ ጋሽ ሽጉጤ፣ እንዲሁም ቢሮ የሚሠሩትና ነገርን ሁሉ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» ብለው የሚናገሩት ጋሽ ምሕረቱ። ሼባው መሐል ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። አባቴና ጋሽ ምሕረቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ የሚሉት አይሰማም። አባቴ «እምምም ቤቴ ውስጥ አምምም» ይላል፣ ጋሽ ምሕረቱ «አምደኛ» ይላሉ። አፋቸውን ያልያዙት ጋሽ ሽጉጤ ብቻ ነበሩ። ቢጠየቁ «እኔ የቀሩኝ ሦስት ናቸው። ትቁጠራቸው፣ ቶሎ ትጨርሳለች» አሉ።

ያ ሁሉ ሆኖ ክሱ ከባድ ነበር። «አውሬ ከሰው ጋር አያድርም» ተባለ። «ጎረቤት ምን ይለናል» ተባለ። «ሴት ልጅ ድመት ታሳድግ እንጂ» ተባለ። እኔ የፈቃድ ወረቀቱን አወጣሁ። ጋሽ ሽጉጤ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ተሰልፌ ያጣሁትን የመኖሪያ ወረቀት ይሄ እንሽላሊት በአምስት ወሩ? ሽኩር፣ ከዚህ ቤት ውጣ የሚባል ካለ እኛ ነን!»

በዚህ መሐል ሼባው ወደ ጋሽ ምሕረቱ ዞሮ የፊት እጁን አነሣና ቀስ ብሎ አየር ላይ አዞረው። እሳቸውም ሳያስቡት ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው መለሱ። ከዚያ ያደረጉት ሲገባቸው ነገሩን ወደ ሕግ ለወጡት፦ «አንደኛ፣ ሰላምታ ያቀረበን እንግዳ ዝም ብሎ ማስወጣት በየትኛውም ባህል ነውር ነው።» እኔ ያነበብኩትን አልነገርኳቸውም። ልጅ የሆነ እንደ እሱ ያለ እንስሳ እጁን የሚያነሣው «ትንሽ ነኝ፣ አትምቱኝ» ለማለት ነው።

ልጅሽ ሁለቱም እንደከዱት ሲያይ ተነሣና ማለ። «እናቴ ከፈቀደች ይኑር! ካልፈቀደች ይወጣል! ራሴ እጽፍላታለሁ፤ ቁም ነገር በስልክ አይወራም ያለችኝ እሷ ናት።» ሽማግሌዎቹ አጸደቁ። የእንሽላሊት ዋና ጠላት ዳኛ ሆና ተሾመች ማለት ነው። አልቅሼ ነው ያደርኩት።

አሁን የምነግርሽ አያስቅም፤ ሰሚያ፣ ረጋ ብለሽ አንብቢው። ከዚያ በኋላ ባለው ረቡዕ አባቴ ክፍሌ ገብቶ የሼባውን ማሞቂያ መብራት አየ። «ይሄ መብራት ይበላል» ብሎ፣ ከሱቁ ኤልኢዲ አምፑል አምጥቶ ቀየረው። ክፋት አልነበረውም። እንዲያውም ደግ የሠራ መስሎት ነበር፤ አዲሱ ከድሮው በእጥፍ ያበራል። ግን አያሞቅም። እኔም ደምቆ ሲበራ አይቼ እጄን ሳላስጠጋ ቀረሁ። ሐሙስ ሼባው ፌንጣውን እያየ ተወው። ዓርብ ጎመኑንም ተወው። ቅዳሜ ጠዋት ፂሙ ጠቁሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳነሣው እግሮቹ እንደ ክር ተንጠለጠሉ።

ሮጬ ወደ ጎረቤታችን ወደ ዶክተር ፀዳለ ሄድኩ። «እኔ የሰው ሐኪም ነኝ የኔ ልጅ» አሉ፣ ግን ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ መጡ። ሼባውን አልነኩትም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «በዚህ ሳምንት ምን ተለወጠ?» እኔ «ምንም» አልኩ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «አምፑሉን… እኔ…» አለ። ዶክተር ፀዳለ እጃቸውን ከመብራቱ ሥር ዘረጉ፤ ድንጋዩ ልክ እንደ ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር። እንደ እሱ ያለ እንስሳ የራሱ ሙቀት የለውም እማማ። ካልሞቀው የበላው እንኳ ሆዱ ውስጥ አይፈጭም።

አባቴ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። እኔም ሼባውን በሻሹ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከትቼ ተከተልኩት። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጅሽ ሱቁን ዘግቶ ዋለ። ይህን ያደረገው እኔ በተወለድኩ ቀን እንኳ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፣ እናቴ እስከ ዛሬ ታነሣበታለች። ለሚሳቡ እንስሳት የሚሆነውን መብራት ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞርን። መንገድ ላይ አላናገርኩትም። እሱም የመኪናውን ማሞቂያ መጨረሻ ላይ አድርጎ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ ነዳ።

ሼባው ሰኞ ዓይኑን ከፈተ። ማክሰኞ አንድ ፌንጣ በላ። ትናንት ጎመኑ ውስጥ ገብቶ ተኛበት፤ ድኗል። አባቴ ግን ሽማግሌ ፊት የተናገረውን አያጥፍም፤ የተፉት ምራቅ ተመልሶ አይዋጥም ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ላንቺ ሲጽፍ፣ ባለፍኩ ቁጥር ወረቀቱን በክንዱ ይከልላል፤ ልክ ፈተና ላይ እንዳለ ሰነፍ ተማሪ። ቅዳሜ ዶክተር ፀዳለ ለዕረፍት አገር ቤት ሲሄዱ ይዘውልሽ ይመጣሉ።

እማማዬ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ስለ ጥርስ የምታውቂውን አልከራከርሽም። እኔ ሦስት ሳምንት ከሱ ጋር ስስቅ ከርሜ አንድም አልጎደለብኝም፣ ትናንት ቆጥሬያለሁ። «ይኑር» በዪልኝ።

ለአክስቴ፣ ለባሏ፣ ለሰሚያ ታናናሾች በሙሉ፣ ለሚስቁብኝም ጭምር፣ ሰላምታዬ ይድረስ። ላሚቱን ግንባሯን ዳብሺልኝ። አጥር ገፊውንም ሰላም በዪው፣ ከሩቅ። እናቴ ሰአዳ ጉልበትሽን ስማሻለች፤ በርበሬው ደርሶናል፣ አላህ ይስጥልን ብላለች።

የልጅ ልጅሽ ሱሀይላ ሽኩር
ሜይፌር፣ ጆሃንስበርግ
ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማማ፣ ቀኑን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የምጨምረው ነው። ልጅሽ ለዐስር ሶላት መስጊድ ስለሄደ የእኔን ደብዳቤ ከሱ ፖስታ ውስጥ ልጨምር ጠረጴዛው ጋ መጣሁ። ፖስታው አልታሸገም። አነበብኩት። ይሄም ተውበት ያስፈልገዋል። የጻፈልሽን ቃል በቃል እገለብጥልሻለሁ፣ ዓይኔን ማመን ስላቃተኝ ነው፦

«እማ፣ ሽማግሌ ፊት አንቺ ካልፈቀድሽ ይወጣል ብያለሁ። እኔ ቃሌን ማጠፍ አልችልም፤ አንቺ ግን ታጥፊልኛለሽ። ይኑር በዪ። ቆጣ ብለሽ በዪው፣ ሽጉጤና ምሕረቱ እንዲሰሙ። ልጅቷ ጓደኛዋ ከሄደችባት ወዲህ ስትስቅ የሚሰማኝ ከዚህ እንስሳ ጋር ስትሆን ነው። ባለፈው ሳምንት በእኔ ጥፋት ሊሞትባት ነበር። አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን የጻፍኩልሽን ግን ለእሷ እንዳትነግሪ…»

እማማዬ፣ ከላይ ስለ ልጅሽ ያልኩትን ሁሉ ሰሚያ ባታነብልሽ ይሻል ነበር፤ አሁን ግን ዘግይቷል፣ አንብባዋለች። እኔ እንዳወቅኩ እንዳታወጪ። እሱ እንደሚፈልገው ቆጣ ብለሽ በዪው፣ እኔም እንደማያውቅ ሰው ደንግጬ እስቃለሁ። ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማኛል። እናቴ ናት። እናቴ ግን ደረጃ ስትወጣ አታስልም፤ የሚያስለው ልጅሽ ነው። የሱን ወረቀት እንደነበረ ልመልስና

«ሱሀይላ!»