የአባትሽ ዓይን

አሪዞና፣ አሆ ከተማ አጠገብ
ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2017

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለማርሲ፣

እንደምን ከርመሻል? የዱሉዝ ብርድ ዘንድሮ እንደጠና በሬዲዮ ሰምቼ ስለ አንቺ ስሰጋ ሰነበትኩ። ስልክ ብደውል እንደማታነሺ ስለማውቅ ነው መጻፌ። ደብዳቤ ተናደሽ ብትወረውሪው እንኳ ተመልሰሽ ታነሺዋለሽ። ሁለታችንም በሕይወት አለን፤ የተሰበረ አጥንትም የለም። ይህን ያስቀደምኩት ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በበረዶ ላይ የወተት መኪና ሲነዳ፣ ጡረታ ስወጣ በረዶ የማያውቀው አገር ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ ይል ነበር። ቤታችንን ሸጠን ይህን አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ስንገዛ የተናገርሽውን አልረሳሁትም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይሉ ነበር። በረሃው ባዶ አይደለም። ቁልቋሉ የቤት ቁመት አለው፤ ዝናብ በጣለ በሳምንቱ ኮረብታው ሁሉ ቢጫ አበባ ለበሰ። አባትሽ በየመንገዱ መኪናውን እያቆመ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት የት ነበርን ይለኝ ነበር።

ከገና በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ፀሐይ ከፍ ካላለች አይነሳም፤ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ደግሞ ማደሪያ ፍለጋ ይጣደፋል። የመንገድ ምልክት ሲያጋጥመን፣ እስቲ መነጽርሽ ይሠራ እንደሆን አንብቢልኝ ይላል። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ምሳ ስንበላ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያወራኝ የሚያየው ጆሮዬን መሆኑን አስተዋልኩ። ኋላ እንደነገረኝ ዳር ዳሩ ይታየዋል፤ መሐሉ ላይ ግን፣ መስታወት ላይ አውራ ጣት የታተመ ይመስል፣ ጭጋግ አለ። የሰው ፊት የሚጠፋው እዚያ ውስጥ ነው።

እኔስ ምን አደረግሁ? መንዳት ይብቃህ አላልኩትም። ዓይን ሆንኩለት። ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀስ በል፣ ብስክሌት አለ እያልኩ ከጎኑ ተቀምጬ እመራው ጀመር። ስለ ነገሩ አንድም ቀን ሳንነጋገር ብዙ መቶ ማይል ሄድን። ከመናገር ይልቅ መፍራቱ ቀለለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ የድሮውን የመዳብ ማውጫ ጉድጓድ ስናይ ውለን ወደ ሰፈርንበት ሜዳ ተመለስን። ጎረቤታችን ሎርና ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ ሰባ አምስት ያለፈ ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ከመኪናዋ ደጃፍ ታጣፊ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ለድርጭቶች ጥሬ ትበትናለች። አባትሽ ወደ ኋላ እየነዳ ሊያቆም ሲል እኔ ወርጄ በእጄ ምልክት አሳየው ነበር። መኪናው ድንገት ወደ ሎርና በኩል አዘነበለ። ሁለቱንም እጆቼን አንስቼ እንዲያቆም ጮህኩ። አላየኝም። የሎርናን ወንበር ጨፍልቆ፣ ጠረጴዛዋን ገልብጦ፣ መኪናዋን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ወንበሩ ላይ ሰው አልነበረም። የሻይ ውኃዋ ፈልቶ ስለነበር ልታወርደው ገና መግባቷ ነው።

ሰው ተሰበሰበ። አባትሽ ወርዶ የተጨፈለቀውን ወንበር በእጁ ዳበሰ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ "አይሪን ና፣ ና ብላኝ ነው" አለ።

ማርሲ፣ አርባ አራት ዓመት አብሬው ስኖር በገዛ አፉ ጥፋቱን በሌላ ሰው ሲያላክክ ሰምቼው አላውቅም። ፊቱ አመድ መስሏል። "አዎ፣ የኔ ስህተት ነው" አልኩ።

ራት ሳቀርብለት ቀና ሳይል አመሰገነኝ። ለራቱ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከኛ ወንበሮች ደህናውን ይዤ ሎርና ዘንድ ሄድኩ።

"ወንበሩን ተይው" አለችኝ። "እጅሽን አንስተሽ ስትጮሂ በመስኮት አይቼሻለሁ። ባልሽ አያይም፣ አይደል?"

ሁሉንም ነገርኳት። አልፈረደችብኝም፣ አላጽናናችኝምም። ሰምታ ስትጨርስ፣ "ሻዩ ባይፈላ ኖሮ ዛሬ ለማን ነበር የምትዋሺው?" አለችኝ።

አንቺ ትዝ አልሽኝ። ከዚያ በፊት የዋሸሁት ላንቺ ነውና። ባለፈው ጁላይ ውሻችን ታፊ በአባትሽ መኪና ሥር የሞተ ቀን፣ የግቢውን በር ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ፣ ውሻው ሮጦ ገባበት ብዬሽ ነበር። በሩ ዝግ ነበር። ታፊ የመኪናው መውጫ መሐል ላይ ፀሐይ እየሞቀ ተኝቶ ነበር። በመስኮት እያየሁ፣ አባትሽም ያየው መስሎኝ፣ ዝም አልኩ። አንቺ ዓይንህን ተመርመር ስትዪው፣ አረጀህ አለችኝ ብሎ ተቀየመሽ፤ እኔም ከሱ ወግኜ ጨካኝ አልኩሽ። ልክ ነበርሽ ልጄ። ያን ጊዜም ጠርጥሬ ነበር።

ከሎርና ስመለስ አባትሽ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪው ጋ ተቀምጦ ነበር።

"ቁልፉን ስጠኝ" አልኩት።

"ምን ልታደርጊው? አንቺ ከገበያ አልፈሽ ነድተሽ አታውቂም።"

"እማራለሁ።"

መሪውን ዳሰሰ። "መሪ ካልያዝኩ እኔ ምን ልሆን ነው፣ አይሪን?"

"ተሳፋሪ። እኔ አርባ አራት ዓመት ሆኜዋለሁ፤ አይገድልም።"

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ሊያኖር እጁን ዘረጋ፤ ጠረጴዛውን ስቶ ወለሉ ላይ ጣለው። እንደወትሮው ከእጁ ያመለጠው ለማስመሰል አልሞከረም። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

ሰኞ ዕለት ሎርና ከተማ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችን። የጠፋው አይመለስም አለን ሐኪሙ፤ የግራው ግን በየወሩ መርፌ ቢወጋ ባለበት ሊቆይ ይችላል። የመጀመሪያውን እዚያው ወጋው። አባትሽ እጄን ጨምድዶ ያዘ። ሐኪሙ ቀጣዩ ከአራት ሳምንት በኋላ ስለሆነ አንድ ቦታ ብትቀመጡ ይሻላል ብሎ የት እንደምንኖር ጠየቀኝ። መኪና ውስጥ አልኩት። በፊት የት ትኖሩ ነበር ሲለኝ ዱሉዝ አልኩት፤ እዚያም መርፌው እንደሚሰጥ ነገረኝ። ያንቺ ቤት ከዱሉዙ ሆስፒታል በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልነገርኩትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሎርና ጠጠራማው ሜዳ ላይ መንዳት ታስተምረኛለች። አባትሽ ከጎኔ ተቀምጦ ፍሬን በሌለበት እግሩን ይረግጣል። ትናንት አንዱን ኩርባ እያንገጫገጭኩ ስዞር፣ ወተት ጭነሽ ቢሆን ቅቤ ይዘሽ ትደርሺ ነበር አለኝ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የቀለደው ያን ብቻ ነው።

ከነገ ወዲያ እንነሳለን። በቀን ጥቂት ጥቂት እየነዳሁ ወደ ሰሜን እንሄዳለን። የት እንደምናርፍ ገና አልወሰንንም። ጠብቂን አላልኩሽም።

ይህን ስጽፍ አባትሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስለ ታፊ የጻፍኩትንም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሰማኝ፤ ስጨርስ እኔም ልፈርም አለ። እጅህን ልያዝልህ አልኩት፤ እምቢ አለ።

እግዜር ጤናና ሰላም ያለው እንቅልፍ ይስጥሽ። ቂም የያዝሽብን እንደሆነም፣ ለኛ ሳይሆን ለራስሽ ሲል ልብሽን ያቅልልልሽ።

የምትወድሽ እናትሽ
አይሪን

ከስሜ በታች ተነስቶ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ቁልቁል የወረደው ጭረት የአባትሽ ስም ነው። የቀሩት ፊደሎች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አልወለወልኳቸውም።