እማዬ ስሙን የጠራችው ቢጫ አበባ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ አንዳርጋቸው። ከጣና ዳር የተነሣው ሰላምታዬ ጅግጅጋ ድረስ ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? መሲስ? ልጃችሁ ቴዎ አድጓል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ አሁን ደኅና ነን ማለቴ ነው።

ሳትደነግጥ አንብብ፤ ልጄ ኪዲ ድናለች። ባለፈው ሳምንት ሳል ቢጠናባት፣ እማዬ ያንን የአያታችንን የመድኃኒት ሥር ቀቅላ አጠጣቻት። ከሥራ ስመለስ ልጅቱ ታስመልሳለች፣ ዓይኗ ይከደናል። አቅፌያት ሆስፒታል ሮጥሁ።

ሐኪሙ ምን እንደጠጣች ቢጠይቅ እማዬ ዝም! ታውቃት የለም፤ ስሙ ከተጠራ፣ የሰው ጥላም ካረፈበት መድኃኒቱ ይሞታል ብሎ አያታችን አስምሏታል። ለአንተ ለበኩሯ ልታወርስህ ነበር ያቆየችው። እኔ አበድሁ። ልጄ ልትሞትብኝ ነው፣ አንቺ ለሣር ትሳሻለሽ ብዬ ጮኽሁባት።

ኮሌጅ ስለ ዕፅዋት የሚያስተምሩትን ጎረቤታችንን መምህር ገድሉን በስልክ ጠራሁ። ከእማዬ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ የተረፈውን ቅጠል አዩና፣ ይህን የሚመስል ልብ የሚያቆም ተክል አለ፣ አበባውን ካላየሁ አልለየውም አሉ። ያን ጊዜ እማዬ ተነሣች። በሰው ሁሉ ፊት ስሙን ጮክ ብላ ጠራችው። መምህር ገድሉ ግን ሰምተውት አያውቁም። እንግዲያ ይምጡ ላሳይዎ አለች።

ልጅቱን ለባሌ ለጌትነት ትቼ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወረድን። ከዋንዛው ሥር አሳየችን። ጥላችን ሲያርፍበት ዓይኗን ጨፈነች። ከጥፍር የማይበልጥ ቢጫ አበባ ነው፤ የታችኛው የአበባ ቅጠሉ ላይ ጥቋቁር መስመሮች፣ ከኋላው ትንሽ ጭራ አለው። መምህር ገድሉ ተንበርክከው በአጉሊ መነጽር አዩት። ቆዩ፤ በጣም ቆዩ። በመጨረሻ የዱር ቫዮሌት የሚባል አበባ ነው፣ ሥሩ ሆድ ይገለብጣል እንጂ አይገድልም፣ ያኛው መርዛማው ጭራ የለውም አሉ። እዚያው ለሐኪሙ ደወሉለት፤ እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ኪዲ በማግሥቱ ዳቦ ጠየቀች። እማዬ ግን እህል አይወርድላትም። የአንዳርጋቸውን ውርስ አደባባይ ላይ በተንሁት፣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ ትላለች። በቀደም አንተ ስትደውል እማዬ ታማለች ብዬ ያለፍሁህ ዋሽቼህ ነው፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስልኩን በእጇ ትገፋው ነበር።

ለመሲ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ ቴዎን ጉንጩን ሳምልኝ። ጌትነት እጅ ነሥቷል፤ ኪዲም አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። እማዬ ሰላም በይልኝ አላለችም፤ ፈርታህ ነው። ስሙን እኔም ሰምቼዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አላሰፈርሁትም። ደውልና አንተ ራስህ ጠይቃት።

እኅትህ ፀሐይወርቅ
ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.