ከአጥንት የተመለሰው እርሳስ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2፤ ጠዋት 1 ሰዓት
ሙቀት። አሸዋ ያዘለ ነፋስ፤ መስኮቱ ተዘግቷል። ቤት ያለነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ከማል። የመጀመሪያውን እንክብል ዋጠ። ጠርሙሱ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። "እታለም፣ ይሄ የሚያባርረው እርሳሱን ነው ወይስ እኔን?" አለ። ሳቅሁ።

ለአንቺ ደግሞ ላስረዳሽ፣ ደብተሬ። ከማል ካርቲየ 5 ሰፈር ባለችው ማቅለጫው የአሮጌ ባትሪ እርሳስ እያቀለጠ ለዓሣ አጥማጆች መረብ የሚያሰጥም ክብደት ይሠራል። ስንት ዓመት ጭሱ ውስጥ። አሁን ሆዱን ይቆርጠዋል፤ እጁ ዝሏል፤ ብርጭቆ ይጥላል። ደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ዶክተሯ እንዳለችው መድኃኒቱ እርሳሱን አንቆ ይይዝና በሽንት ይዞት ይወጣል። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ይወሰዳል። ማቅለጫው ጋ ድርሽ እንዳይል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7
በቀን ሦስቴ የነበረው እንክብል ከዛሬ ጀምሮ ሁለቴ ሆነ። ውሃ አጠጣዋለሁ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ከብዶታል፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሄሮን፣ ባሕሩ ዳር ሄዶ ይቀመጣል። የመድኃኒቱን ወረቀት አነበብሁ። ፈረንሳይኛዬ ግማሹ ላይ አለቀ። ደክሞኛል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21
መድኃኒቱ ትናንት አለቀ። ዛሬ ምርመራ። እርሳሱ ከግማሽ በታች ወርዷል። ከማል ሻዩን በአንድ እጁ ይዞ ጠጣ። እኔ በቀን ተኛሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5
ሁለተኛው ምርመራ። ቁጥሩ ተመልሶ ወጥቷል። ዶክተሯ የለችም፤ ወረቀቱን ብቻ ሰጡን። ቤት ስንገባ፣ ማቅለጫው ጋ ሄደሃል አልሁት። ማለልኝ። አላመንሁም። እያየኝ ሸሚዙን አነሳሁና አሸተትሁ። አልጮህሁም፤ ቀስ ብዬ ነው የተናገርሁት። ለእሱ ይሄ ይብሳል።
"ያን ግማት ለማን ብዬ የዋጥሁ ይመስልሻል? ሁለተኛ አልውጥም" አለ። ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ። ሌላ ማደሪያ የለውም፤ ወደ ማቅለጫው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6
ብቻዬን ዶክተሯ ጋ። ተደብቆ ማቅለጫው ጋ ሄዷል አልኋት። አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። እርሳስ ለዓመታት አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። መድኃኒቱ በብዛት የሚያወጣው ደም ውስጥ ያለውን ነው፤ ሲቆም አጥንት ያጠራቀመውን ወደ ደም ይለቃል፤ ቁጥሩም ይወጣል። የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል አለች። ይሄ ያላነበብሁት ግማሽ ወረቀት ላይ ይኖር ይሆን?
አሁን የት ነው ያለው አለችኝ። ነገርኋት። ብዕሯን አስቀመጠች። የእርሳሱ አቧራ ብቻ ሊመርዘው ይበቃል፤ እዚያ እያደረ መድኃኒት አልሰጠውም አለች።
አልሄደም ነበር። እኔ ነኝ የላክሁት።
ስልክ አያነሳም። ነገ ሳይነጋ እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7፤ ረፋድ
ሄድሁ። በሩ ላይ ያልሁትን፣ ያደረግሁትንም አልጽፍም። አብረን ቤት ተመለስን።
ልብሱን ከእኔው ለይቼ ዘፍዝፌዋለሁ። ፍራሹን እዚያው ትተነዋል። ገላውን እየታጠበ፣ ሳሙና አቀብይኝ ይላል፤ ልሂድለት።