ዳማ ሞቷል፤ ቡሬም እግሩን ይጎትታል

ይድረስ ለልጄ ለአንዱዓለም፤
ስዊድን።

ልጄ፣ እንደምን ሰነብተሃል? ብርዱ እንዴት ያደርግሃል? ፅዮን ከወለደች ወዲህ ወገቧ ተሻላት? ትንሹ ባምላክ እንቅልፍ ይሰጣችኋል ወይስ እያስለቀሰ ያስነጋችኋል? ሶሊያናስ ከእንጀራ እናቷ ጋር ተላመደች? ምግቡ ተስማማት? እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ጾሙንም ይዣለሁ። ይህን የምጽፍልህ ግን በስልክ የማይነገር ነገር ስላለ ነው። ጎረቤታችን መቅደላዊት ለትምህርት ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእጇ ልኬዋለሁ።

ዳማ መሞቱን ታውቃለህ፤ በምን እንደሞተ ግን አታውቅም። ያ ጓዳውን ተከራይቶ የነበረው ፈረንጅ መምህር አገሩ ሲገባ ሁለቱን ጭራ የለሽ ትንንሽ እንስሶቹን፣ ጊኒ ፒጎቹን፣ ለሶሊያና ትቶላት ሄደ፤ እሷም እንደ በሬ ዳማና ቡሬ ብላ ስም አወጣችላቸው። መስከረም ላይ ወደ አንተ ስትመጣ አደራ ያለችው እኔን ነው። ሁለቱንም ደረቴ ላይ አስታቅፋኝ፣ “አያቴ፣ እንዳትቆጫቸው” አለችኝ።

እስከ ጥቅምት ድረስ ከግቢው ለምለም ሣር እያጨድሁ አበላቸው ነበር፤ ሸጋ ሆነው ነበር። ሣሩ ሲደርቅ ከማክሰኝት ድርቆሽ አስመጣሁ፤ ለአረንጓዴው ደግሞ ጎመን ገዛሁ። ጎመኑን ግን ጥሬውን አልሰጠኋቸውም። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን የቤት አያያዝ አስተማሪያችን ያልበሰለ ቅጠል ሳህን ላይ ካገኘች ጣታችንን በማስመሪያ ትመታን ነበር። ክረምቱንም ሁሉ “ኮሌራ እንዳይገባ አብስሉ፣ አፍሉ” ሲባል ከርሟል። ስለዚህ አጥቤ፣ ከትፌ፣ እስኪልም ቀቅዬ፣ አቀዝቅዤ አቀርብላቸው ነበር። ጎረቤቴ ይመኙሽ ከአጥር ወዲያ ሆና፣ “እትዬ የትነበርሽ፣ እኛ አይጥ በወጥመድ እንይዛለን፤ እርስዎ ወጥ ሠርተው በትሪ ያቀርቡላታል” እያለች ትስቅብኛለች። “አይጥ ጭራ አላት፤ ቀርበሽ እዪ” እላታለሁ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ዳማ የድርቆሹን ድምፅ ሲሰማ እየዘለለ መምጣቱን ተወ። ቡሬ ሲበላ እሱ ጥጉ ላይ ኩርምት ብሎ ያያል። እኔ ስንፍና መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ ሰነፍ መለየት አያቅተኝም ብዬ፣ ተነሥቶ ይምጣ በማለት ሳህኑን አራቅሁበት። አልመጣም። ሲያነሡት እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያወጣ ነበር፤ ያንንም አመል ነው አልሁ። የኋላ ጉልበቶቹ አብጠው እንደነበር የዳሰስሁት ዘግይቼ ነው።

ይመኙሽ ወጌሻውን አያ ወልደ ዮሐንስን ጠራችልኝ። መዳፉ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ቆየና፣ “እሜቴ፣ ይችን አጥንት ብነካት እጄ ላይ ትሰበራለች፤ አልነካም” አለኝ። ይመኙሽም፣ “በሬ ሲያቃና የኖረ ሰው አይጥ ፈራ” ብላ አሾፈችበት። ሌላ ቢሆን በቅቤ ያሸው ነበርና አመሰግነዋለሁ። ዳማ ከጥምቀት በኋላ ሞተ። ጽጌረዳው ሥር ቀበርሁት።

ሳይቆይ ቡሬም እንደዚያው ኩርምት ማለት ጀመረ። አሁንስ ስንፍና አላልሁም። በዘንቢል ይዤ በባጃጅ አራዳ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ወንድምአገኝ ዘንድ ወሰድሁት። “እማማ፣ የኔ ሥራ ላምና በግ ነው፤ ይህን በመጽሐፍ ነው የማውቀው” አለኝ። ቢሆንም ፎጣ አንጥፎ አስኬደው፤ ጉልበቱን፣ ጥፍሩን፣ ውስጥ እግሩን፣ ድዱን አየ። ድዱ ይደማ ነበር። ከዚያ ምን እንደሚበላ ጠየቀኝ፤ እኔም በኩራት ነገርሁት። “ቀቅለው ነው የሚሰጡት?” አለኝ። “በደንብ አድርጌ” አልሁት። እሱም፣ “ይህ እንስሳ ቫይታሚን ሲ ራሱ አይሠራም፤ እንደኛው ከምግብ ነው የሚያገኘው። እርስዎ ሲቀቅሉት አብዛኛው ድስቱ ውስጥ ቀርቷል” አለኝ። ሰው በንጽሕናው ነፍስ ያጠፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ ልጄ።

አሁን ጎመኑን በደንብ አጥቤ ጥሬውን ነው የምሰጠው፤ የማያቃጥለውን ትልቁን ቃሪያም እጨምርለታለሁ። የቫይታሚን ሲውን ኪኒን ሐኪሙ በለካልኝ መጠን አድቅቄ፣ በጥቂት ውሃ በጥብጬ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በአፉ ጎን ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ። ሲሚንቶው ላይ አሮጌ ጋቢዬን አጠፍሁለት፤ እርጥበት ውስጥ እግሩን ስለሚያቆስለው በየቀኑ እለውጠዋለሁ። ሳነሣውም አንድ እጄን ደረቱ ሥር፣ ሌላውን መቀመጫው ሥር አድርጌ ነው። ሳህኑ አፍንጫው ሥር ነው የሚቀመጠው።

ድዱ መድማቱን አቁሟል፤ ይበላልም። የኋላ እግሮቹ ግን አልታዘዝ ብለውታል፤ በፊተኞቹ እየተሳበ ይጎትታቸዋል። አንዳንዴ ሳልነካው ያፏጫል። ሐኪሙ አልሸሸገኝም፤ እስከ ፋሲካ ካልቆመ ወይም መብላት ከተወ፣ በመርፌ ማሳረፉ ይሻላል አለኝ። “ውሳኔው የእርስዎ ነው” ሲለኝ፣ “የለም፣ ባለቤት አለው” አልሁት። አደራ የያዘ ሰው ባለቤቱን ሳይጠይቅ ነፍስ አያሳልፍም።

ባለቤቱ ግን ዳማ መሞቱን እንኳ አታውቅም። አንተ፣ “እማዬ፣ ልጅቱ አገሩን አልለመደችም፤ ከጠየቀችሽ ተኝተዋል በያት” ብለኸኝ ነበር። አንድ እሑድ እንዳልኸው አደረግሁ። “ሁለቱም?” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ስልኩ ሲጮህ አላነሣም። ምነው ዘጋሽን ብለህ እንዳትቀየመኝ፤ ነገሩ ይህ ነው።

እናቷ እናኑ ያረፈች ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ፣ “ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳለች” ይባል ብሎ ወሰነ። እኔ ያን ጊዜም አልተስማማሁም። ልጅቱ ከጎረቤት ልጆች አፍ ሰማች። ከዚያ በኋላ ሰው ገበያ ሄዶ ሲዘገይ እንኳ፣ “ሞቶ ነው?” እያለች ስትጠይቀኝ የኖርሁት እኔ ነኝ፤ አንተ በዚያ ነበርህና አልሰማህም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። ትምህርት በሌለበት ቀን፣ በማለዳ፣ ፅዮንም ባለችበት አጠገቧ ተቀመጥ። ዳማ ሞቷል በላት። ጎመኑን አያትሽ ቀቀለችው በላት፤ አትሸፍንልኝ። ስታለቅስ አይዞሽ ብለህ አታቋርጣት። ሲወጣላት የቡሬን ነገር እንደጻፍሁልህ ንገራትና ምን ይደረግ እንደምትል ጠይቃት። ይጠበቅ ካለች ጉልበቴ እስከቻለ እጠብቃለሁ። ይረፍ ካለችም አራዳ ይዤው የምሄደው እኔው ነኝ። በዚህ ነገር አንተ አትመልስላት።

ፅዮንን ስለ እኔ ግንባሯን ሳምልኝ፤ ወገቧን ታሙቅ። ትንሹን ባምላክን ጉንጩን ሳምልኝ። አከራያችሁን ሴትዮ በአካል ባላውቃትም ለልጄ በር የከፈተች ናትና እጅ ነሥቻለሁ በላት። ለሶሊያና ያለኝን ሰላምታ ግን መርዶውን ከነገርሃት በኋላ ስጣት። ከዚያ በፊት ከሰጠሃት ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

እናትህ የትነበርሽ
ፀዳ፣ ጎንደር
የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.