ከኒሻኖቹ መካከል ስለተሰቀለችው ፒን

ለተከበሩ የአየር ኃይል መታሰቢያ ሙዚየም ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰመረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የእኔ እንቅልፍ ከጠፋ አራተኛ ወሩን ይዟልና ከሁለታችን አንዳችን እንኳ እንተኛ።

እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተዋጊ አውሮፕላን ወንበር ባለሙያ የነበርኩ ጡረተኛ ነኝ። ወንበር ስል ለካፌ የሚሆነውን ማለቴ ሳይሆን፣ አውሮፕላኑ ሲመታ አብራሪውን ከነመቀመጫው ወደ ሰማይ የሚያስፈነጥረውን ማለቴ ነው። ከዚህ ቀደም ሦስት ጊዜ በግል ጽፌልዎት፣ ሦስቱንም ጊዜ ማኅተም ባረፈበት ምላሽ ስላከበሩኝ፣ አራተኛውን ሕዝብ እንዲያነበው በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ በመግቢያው ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ስለደረደሯቸው ሜዳሊያዎችና ኒሻኖች ላመሰግንዎ እወዳለሁ። የአብራሪዎቹ የደረት ክንፍ ምልክት ተዘቅዝቆ መሰካቱን፣ የኦክስጅን ጭንብሉም «የአቧራ መከላከያ» መባሉን እንደ ትንሽ ነገር አልፈዋለሁ፤ ክንፉን ያደረጉት ሰዎች አብዛኞቹ ስለሞቱ የሚቀየምዎ የለም።

ሁለተኛ፣ በዚያው ሳጥን ውስጥ፣ ከትልቁ ሜዳሊያ በስተቀኝ፣ ቀይ ሪባን የተንጠለጠለባት ጣት የምታህል የብረት ዘንግ ተሰቅላ፣ ከሥሯ «በአየር ላይ ውጊያ ለታየ ልዩ ጀብዱ የተሰጠ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎላታል። ክቡር ሆይ፣ ያቺ ዘንግ ኒሻን አይደለችም፤ የወንበሩ የደህንነት ፒን ናት። ወንበሩን የሚያስፈነጥረው እጀታ እንዳይሳብ ቆልፋ የምትይዘው እሷ ስትሆን፣ ቀዩ ጨርቅ የታሰረባትም ከሩቅ እንድትታይ ብቻ ነው። በላይዋ ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር ተቀርጾባታል፤ በአዳራሹ መሐል ያቆሙት ወንበር ጀርባም አሥራ ሰባት ይላል፤ ሁለቱንም የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ባመለከትኩ በሳምንቱ ሪባኑ ታጥቦና ተተኩሶ እዚያው መስታወት ውስጥ መመለሱን ስላየሁ፣ ስለወሰዱት ፈጣን እርምጃ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሦስተኛ፣ ወንበሩ ከአውሮፕላኑ ወጥቶ ወደ እርስዎ የመጣው ለሙዚየምዎ ምርቃት ቀን እንዲደርስ በጥድፊያ ነበር። ከጀርባው ባለው ቱቦ ውስጥ ወንበሩን ወደ ላይ የሚተኩሰው ባሩድ የተሞላ ካርትሬጅ አለ። በሥራችን ደንብ ያስገባው ሰው ራሱ ያወጣዋል፣ ራሱም ይፈርማል፤ ሌላ ሰው እጁን አይሰድም። መዝገቡ ላይ የማስገቢያው ፊርማዬ አለ፤ ከጎኑ ያለው የማውጫው ቦታ ግን ዛሬም ባዶ ነው። በዚያ ሳምንት ጨጓራዬን ታምሜ ቤት ተኝቼ ነበር፤ ስመለስ ወንበሩ የለም፤ አንዱ አውጥቶት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ይህን ዝምታ በማንም ላላክክ አልችልም፤ ያንገበግበኛል። እርስዎ በሦስተኛው ምላሽዎ ባሩዱ በዕድሜ ብዛት ኃይሉን እንዳጣ ሊያስረዱኝ በመድከምዎ ልቤ ተነክቷል። ባሩድ ግን እንደ እኔ ነው፤ ሲያረጅ ነገር አይችልም።

አራተኛ፣ «እንደ አብራሪ ይቀመጡ» የተሰኘውን አዲሱን ፕሮግራምዎን ይመለከታል። ጎብኚ ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል፤ አያያዙን በየሰዓቱ ተቀምጣ የምታሳየው አስጎብኚ ደግሞ የእኔ ልጅ ናት። ሥራውን እንድትይዝ የወተወትኳት እኔው ነኝ። ለፎቶው ስለሚያምር እጀታውን ትንሽ ሳብ እንድታደርገው እንዳዘዟት ነግራኛለች። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ እጀታው እንደ ድሮው እንደማይጠብቅ፣ ስትስበውም ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ እንዳለ እየሳቀች አጫወተችኝ። ያቺን ድምፅ አውቃታለሁ፤ የመጀመሪያዋ መቆለፊያ ለቃለች ማለት ነው፤ የቀረችው አንዲት ናት። እንዳትሄድ ብለምናት «አባዬ፣ ከሥራ ልታስባርረኝ ነው እንዴ?» ብላ ካኮረፈችኝ ቀናት አለፉ። ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግታ ስትወጣ እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ጦርነት ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ፣ በር ሲከፈት እንደ ማንኛውም ጎብኚ ቲኬቴን ቆርጬ ገብቼ፣ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ እዚያ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ በር እስኪዘጋም አልነሳም። ፎቶ የፈለገ እኔን ሽማግሌውን ያንሳ። ጥበቃዎችዎ ጎትተው ሊያስነሱኝ ቢሞክሩ እጀታው የማን እጅ እንደሚያገኘው ዋስትና መስጠት ስለማልችል፣ ከመጎተታቸው በፊት እንዲያስቡበት በአክብሮት አሳስባለሁ። ፒኗ ከኒሻኖችዎ ወርዳ በቦታዋ እስክትገባ፣ ካርትሬጁንም በገዛ እጄ አውጥቼ እስክፈርም ድረስ አድራሻዬ እዚያው ነው።

ለቅርስ ያለዎትን ተቆርቋሪነት ራቅ ብሎ ማድነቅ ይመርጥ የነበረ፣ አሁን ግን ቀረብ ለማለት የተገደደ ታዛዥዎ፣

የወንበር ቁጥር አሥራ ሰባት ባለሙያ
የአስጎብኚዎ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እነዚህ ወንበሮች ሲነሱ ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አይሄዱም። ባለፈው ሐሙስ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቼ ጸሐፊዎ ዘንድ ደጅ ስጠና፣ በርዎ ገርበብ ብሎ ስለነበር ቦታውን በእርምጃ ለካሁት፤ ከወንበሩ ትክክል በላይ ያለው የእርስዎ ጠረጴዛ ነው። ስብሰባ ላይ ነዎት ተብዬ ስለተመለስኩ ሳልነግርዎት ቀረሁ።