እኔ ያቆምኩት ድንጋይ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ያንን ጫማ አድርጎ መጣ። በፍኖተ ሰላም ሙቀት፣ የበረዶ ጫማ! ተማሪዎቹ ደግሞ ዓይናቸውን ከእግሩ አይነቅሉም።

አበጀ ከሰማይ የወረደ ሰው አይደለም። እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። ሒሳብ ከእኔ ነበር የሚቀዳው። ለአንድ ሰው ብቻ የውጭ ትምህርት ዕድል ሲመጣ ግን እሱ ሶቭየት ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። እሱ በመርከብ እስከ ምድር ጫፍ ተጉዞ የበረዶውን አገር ካርታ ሲያነሳ፣ እኔ የጃቢን ማሳ ስለካ ኖርኩ። ከዚያ ደግሞ በሰው አገር መንገድና ድልድይ ሲሠራ ቆየ። አሁን ፀጉሩ ሲሸብት ተመልሶ የእኛ ኮሌጅ የቅየሳ መምህር ሆነ። ዓለም ሁሉ ጠቦት የእኔን ክፍል!

የኮሌጁ ዲን እኔን «ስሜነህ» እሱን «ኢንጂነር» ይላል። የክፍል ኃላፊነቱ ቦታ ክፍት ነው፤ ከሐሙሱ የቡሬ ሥራ በኋላ ይወሰናል ተብሏል።

ማታ ለይታይሽ ሳማርር ሳቀችብኝ። «እሱም እኮ ምቀኛ አታሳጣኝ ብሎ ጸልዮ ይሆናል» አለች። የገዛ ሚስቴ!

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ክፍል ውስጥ ሲያስተምር መስኮቱ ሥር ቆሜ ሰማሁት። አዎ፣ ቆሜ ሰማሁ፤ ለማን ብዬ እዋሻለሁ።

በበረዶው አገር ኮምፓሱ ያብዳል አላቸው። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ትከርማለች። እስክሪብቶው ይደርቃልና በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው። «ዛሬ የተከልነው ምልክት ነገ ቦታው ላይ የለም። በረዶው ይሄዳል፣ ምልክቱም አብሮ ይሄዳል። እዚያ እያለሁ የናፈቀኝ ምን መሰላችሁ? ከቆመበት ንቅንቅ የማይል ያገሬ ድንጋይ።» ትብለጥ፣ የእኔዋ ጎበዝ፣ በሌቭሉ መነጽር ከፍታ ስታነብ እጇ የማይንቀጠቀጠው ልጅ፣ አፏን ከፍታ ትሰማዋለች።

ቀጥሎ የእኔ ክፍለ ጊዜ ነበር። ሌቭሉን አስተካክሉ አልኳቸው። ንባቡን ሁለት ጊዜ ውሰዱ። ከአንድ ነጥብ ብቻ ተነስታችሁ ሥራ አትጀምሩ፤ ማንም ያቁመው ማን፣ ሌላ ነጥብ ላይ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ሁለት ተማሪዎች ተኙብኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ይህን ለማንም አልነግርም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ነገ ቡሬ ዳር ለገበሬዎቹ ማኅበር የእህል መጋዘን የወለሉን ከፍታ እናወጣለን። ወለሉ ዝቅ ካለ የክረምት ጎርፍ ይገባና እህሉን ያበሰብሰዋል። አበጀ ካርታውን ዘርግቶ «ከየትኛው ምልክት እንነሳ?» አለኝ። መንገዱ ዳር ያለውን፣ ከፍታው የታወቀውን የሲሚንቶ ድንጋይ አሳየሁት።

«ማን ነው ያቆመው?»

«እኔ።»

«እንግዲያማ ማረጋገጥም አያስፈልግ!» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ያንን ድንጋይ ባለፈው በጋ የመንገድ ሥራ ግሬደር ገጭቶታል። በዓይኔ አይቻለሁ። ወደ መሬት ሰጥሟል፤ አቧራ ስለለበሰ ላየው ሰው ደህና ይመስላል። ላመለክት ነው፣ ላመለክት ነው ስል ሳላመለክት ዓመት ሞላው።

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ይሳሳት! ተማሪዎቹ ፊት፣ ያንን ጫማ እንዳደረገ! ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት እናገራለሁ፤ ገበሬው ምን አደረገኝ? ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ከአሁኑ እየበላኝ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ባጭሩ ልጻፍ።

ቡሬ ደረስን። ተማሪዎቹ በአንድ ለአምስታቸው ተከፋፈሉ። አበጀ ከድንጋዬ ተነስቶ ከፍታውን አወጣ፣ ችካል አስመታ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ለመስመር ማስመሪያ ጠመኔ እፈጫለሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለኝም።

ትብለጥ ሳትጠየቅ ሌቭሉን ይዛ ድልድዩ ላይ ወዳለው ሌላ ምልክት ሄደች። ተመልሳ «አይገጥምም» አለች። ልዩነቱ አንድ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረው።

«ንባብሽ ነው የተሳሳተው» አላት አበጀ።

ደገመችው። ሠለሰችው። ያው ነው።

አበጀ ተቆጣ። «ስሚ፣ ይህን ድንጋይ ያቆመው ስሜነህ ነው! እሱ ያቆመው አይዛነፍም። አንቺ ገና ተማሪ ነሽ።» ሌሎቹ ሳቁባት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ራሳቸው ቲቸር አይደሉ እንዴ ያስተማሩን? ማንም ያቁመው ማን አረጋግጡ ብለው» አለች፤ ወደ እኔ ዞረች። አበጀም ዞረ።

«ልጅቱ ልክ ናት» አልኩ። «ድንጋዩን ግሬደር ገጭቶታል።»

«መቼ?»

«ባለፈው በጋ።»

«ትናንት ስጠይቅህስ?»

«ትናንትም አውቅ ነበር።»

አልጮኸም። ትብለጥን ይቅርታ ጠየቃት፣ ችካሉን አስነቀለ፣ ከድልድዩ ተነስቶ እንደገና ጀመረ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ማንኩሳ ስንደርስ «የእኔ መውደቅ ይህን ያህል ያምርሃል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። መዋሸት ሰለቸኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ኃላፊ አበጀ ሆነ። ዲኑ እኔንም አመሰገነኝ፤ «ተማሪህ ስህተት አገኘች አሉ!» ብሎ። ለካ አበጀ የነገረው ይህን ብቻ ነው። ምናለ ቢከሰኝ! ጨዋነቱም በለጠኝ፤ በዚህም ቀናሁበት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ትብለጥ «ደህና አደሩ ቲቸር» ብላ አለፈች። ድሮ ቆም ትል ነበር።

ይታይሽ ሁሉንም ሰምታ አንዴም አልሳቀችም። «አፍህን ከፍተህ ተናግረሃል፤ እሱን ያዝ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ጠዋት በራችን ተንኳኳ። አበጀ ነው፣ ሲሚንቶና አካፋ ይዞ። «ድንጋይህን እናንሳው» አለኝ። ይታይሽ ቁርስ ብሉ ብትል እምቢ አለ።

ቡሬ ሄደን ለሁለት ቆፍረን አወጣነው፣ ጠለቅ ያለ አዲስ መሠረት ሠራንለት። ጫማው ሲሚንቶ በሲሚንቶ ሆነ። ትንሽ ደስ አለኝ፤ ትንሽ ብቻ። ከዚያ ከድልድዩ ከፍታ ማምጣት ነበረብን። እሱ የመለኪያውን ዘንግ ያዘ፣ እኔ ሌቭሉ ላይ ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ነገርኩት።

አልጻፈውም። ዘንጉን የድልድዩ ግድግዳ ላይ አስደግፎ መጣ፣ «እስቲ ገለል በል» አለኝና እኔን ወደ ዘንጉ ልኮ ራሱ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ዘንጉን ይዤ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ልክ ነው» አለ፤ ጻፈው።

ቀጣዩንም አነበብኩ። እንደገና መጥቶ አየ።